«ሶፍትዌር ነው፣ ዋስትናው አይሸፍንም» ሲባሉ

ጥያቄ፦ አዲስ ላፕቶፕ ከገዛሁ ሰባት ወር ሆኖኛል። የ1 ዓመት ዋስትና አለው። ሰሞኑን ስፒከሩ ድምፅ ማውጣት አቆመ፤ ኢርፎን ስሰካ ግን ይሰማል። ሻጩ «የሶፍትዌር ችግር ነው፣ ዋስትናው አይመለከተውም» አለኝ። አንድ ጠጋኝ ደግሞ «ልክፈተው» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አያስከፍቱት። ክዳኑ አንዴ ከተነሳ ሻጩ «የከፈተው ሰው ነው ያበላሸው» ይላል፤ አይደለም ብሎ ማስረዳቱ የእርስዎ ዕዳ ይሆናል።

ሻጩ ያለው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ሰበብም ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ብሎን መፍታት አያስፈልግም። ኢርፎን መስማቱ ራሱ ብዙ ይናገራል፦ ድምፁን የሚያመነጨው የላፕቶፑ ክፍል በአብዛኛው ደህና ነው ማለት ነው። ኢርፎኑን ነቅለው የድምፅ ምልክቷን ይጫኑና ድምፁ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይዩ። ምንም ሳይሰካ «ሄድፎን» ካለ፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለችው ማብሪያ ተጣብቃ ወይም ቆሻሻ ገብቶባት ሊሆን ስለሚችል ደጋግመው ሰክተው ይንቀሉ። ድምፁ ወደ ብሉቱዝ እየሄደ ከሆነም ወደ ስፒከር ይመልሱት። ካልሆነ በዲቫይስ ማኔጀር (ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚዘረዝርበት ገጽ) የድምፁን ድራይቨር፣ ማለትም ድምፁን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ አራግፈው (Uninstall) ላፕቶፑን እንደገና ያስነሱ፤ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። በዚህ ከተስተካከለ ክርክሩም አበቃ፣ ሳንቲምም አላወጡም።

አሁንም ዝም ካለ ለእርስዎ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚደረገው ምርመራ ነው። ብዙ ላፕቶፖች አላቸው፤ ዴል ላይ ሲበራ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ2 በመጫን ይገባል። እዚያ የድምፅ ሙከራው ሲካሄድ ስፒከሩ ትንፍሽ ካላለ፣ ዊንዶውስ ገና ስላልተነሳ «ሶፍትዌር ነው» የሚለው መልስ በጣም ይሳሳል። ይህን በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹት፤ ስክሪኑም የላፕቶፑ መለያ ቁጥርም ይታይ።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ተጠያቂ ነው፤ ነገር ግን ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት፣ ክሱንም ካስታወቀ በኋላ በ1 ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ጉድለቱ ሲረከቡ ጀምሮ የነበረ መሆኑን በማስረዳቱ ላይ ነው፤ ከሰባት ወር በኋላ ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ እኔ ብሆን ክርክሬን በዋስትና ወረቀቱ ላይ ነው የምመሠርተው። እሱ ውል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው በዘመኑ ውስጥ መበላሸቱን ብቻ ነው። መውደቅን፣ ውኃን፣ በሌላ ሰው መከፈትን አይሸፍን ይሆናል፤ የእርስዎን አንብቡት፣ በተለይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን።

ከዚያ በስልክ መጨቃጨቁን ትተው ይጻፉ። የገዙበት ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የላፕቶፑ መለያ ቁጥር፣ ምን እንደሞከሩና ምን እንዳዩ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንዲጠገን ወይም እንዲቀየር እንደሚፈልጉ፤ ይኸው ነው። ቅጂው ላይ ያስፈርሙ ወይም በኢሜይል ይላኩት። አንቀበልም ካሉ ምክንያታቸውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ፍርድ ቤት ብትገናኙ ከቃል ይልቅ ወረቀቱ ይጠቅማል።

ተቀበልን ካሉ ደግሞ ፋይልዎን ቀድመው ይገልብጡ፣ የተሰነጠቀና የተከፈተ ነገር እንደሌለው የሚገልጽ የርክክብ ወረቀት ሳይዙ ላፕቶፑን ትተው አይውጡ።