መልስ፦ ራጁ «ስብራት የለም» ካለ ልጄን ወጌሻ ጋ ልውሰደው?

እህቴ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅዎ ኳስ ሲጫወት ወድቆ፣ በአራተኛው ቀን ከጉልበቱ በታች አብጦ ትኩሳት እንደያዘውና እግሩን መርገጥ እንዳቃተው ጽፈዋል። ወጌሻ ጋ አይውሰዱት፤ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይመለሱ፤ ምልክቶቹ የአጥንት ኢንፌክሽን ሊሆኑ ይችላሉ።

በልጆች ላይ ባክቴሪያ፣ ብዙውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ፣ በደም ተጉዞ ደም በዝግታ በሚዘዋወርበት በረጅም አጥንት ጫፍ ላይ ይሰፍራል፤ የጉልበት አካባቢ ደግሞ በብዛት ከሚጠቁት ቦታዎች አንዱ ነው። ራጅ በአጥንቱ ላይ ለውጥ የሚያሳየው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ በመሆኑ፣ በአራተኛው ቀን ንጹሕ መሆኑ ኢንፌክሽን የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ሲአርፒና ኢኤስአር (በሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን መኖሩን የሚጠቁሙ የደም ምርመራዎች) እንዲሁም የደም ካልቸር (ከደም ናሙና ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) እንዲታዘዝለት ይጠይቁ። ካልቸሩ ከመድኃኒት በፊት ቢወሰድ ይመረጣልና ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝተው አይስጡት።

ኢንፌክሽኑ ከተረጋገጠ ፀረ ባክቴሪያው በደም ሥር ተጀምሮ፣ ትኩሳቱና ሕመሙ ሲቀንስ በአፍ ወደሚወሰድ ይለወጣል፤ ጠቅላላው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። መግል ከቋጠረ በቀዶ ሕክምና መውጣት ይኖርበታል። ልጁ መሮጥ ስለጀመረ ብቻ መድኃኒቱን ማቋረጥ ለወራት መግል የሚያፈስ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ወጌሾችን ማናናቄ አይደለም። ነገር ግን ያበጠ እግር ታሽቶ በእንጨት ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደም ሊቋረጥ ይችላል፤ ምናልባት አስቀድሞ ታስሮ ከሆነና ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ፣ ሆስፒታል እስኪደርሱ ሳይጠብቁ እዚያው ይፍቱት።