«ታሽጓል» ማለት «አይፈስም» ማለት አይደለም፦ ዩፒኤስን ከነባትሪው ስለ መላክ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የዕቃ ጥገና ኃላፊ ነኝ። ጅግጅጋ ለከፈትነው ቅርንጫፍ አንድ ባለ 3 ኪሎ ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ መሣሪያ እንዳይቋረጥ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ማሽን) መላክ አለብን። ውስጡ ባለ 12 ቮልት፣ 9 አምፔር ሰዓት የሆኑ 8 ባትሪዎች አሉት። በአውሮፕላን ጭነት ለመላክ ካርቶኑ ላይ «ድራይ ባትሪ» ብለን ጽፈን ብንወስደውም አልተቀበሉንም። ባትሪዎቹ ጥብቅ ብለው የታሸጉ ናቸው፣ ውሃም አይጨመርባቸውም። የጄነሬተራችንን ማስነሻ «ሲልድ» ባትሪም አብረን ልንልክ አስበን ነበር። አንድ ባልደረባችን ደግሞ የታካሚ መከታተያ ሞኒተሩንና ሁለት መጠባበቂያ ባትሪዎችን በሻንጣው ይዞ ሊሳፈር ነው። ይቻላል? ወይስ ሁሉንም በአይሱዙ እንላከው?

መልስ፦ ጭነቱን ያስመለሰው «ድራይ» የሚለው ቃል ሳይሆን አይቀርም። ገበያ ላይ ሁላችንም እንዲህ ብለን እንጠራዋለን፤ ነገር ግን የዩፒኤስ ባትሪ ደረቅ አይደለም። ውስጡ እንደማንኛውም የእርሳስ ባትሪ ሰልፈሪክ አሲድ አለው። ልዩነቱ አሲዱ አለመንቦጫረቁ ነው፦ ወይ በሳህኖቹ መካከል ያለው የመስታወት ቃጫ ንጣፍ እንደ ስፖንጅ መጦታል (ኤጂኤም)፣ ወይ እንደ ጄሊ ረግቷል (ጄል)። በጭነት ደንብ «ደረቅ ባትሪ» ሌላ ዕቃ ነው፣ ሕጉም ሌላ ነው። ወረቀቱ አንድ ነገር፣ ካርቶኑ ሌላ ነገር ሲናገር ተቀባዩ ዕቃውን መመለሱ ሥራውን በትክክል መሥራቱ ነው። የእናንተ ባትሪ ትክክለኛ ስም «የማይፈስ እርጥብ ባትሪ» ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃዎች ዝርዝር ቁጥሩ ዩኤን 2800 ሲሆን፣ ምድቡ 8፣ ማለትም የሚበላ ኬሚካል ነው።

ዩኤን 2800 ሁለት መንገድ አለው። ደንቡ የሚጠይቀውን ፈተና ያለፈ ባትሪ በአየር ትራንስፖርት ደንቡ ልዩ ድንጋጌ ኤ67 መሠረት ከአደገኛ ዕቃ ሥርዓት ነጻ ይሆናል። ያላለፈ ወይም ማስረጃ የሌለው ግን ሙሉውን ሥርዓት ይከተላል። ፈተናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ንዝረት ነው፤ ባትሪው ከ10 እስከ 55 ሄርዝ ድረስ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይንቀጠቀጣል። ሌላው የግፊት ልዩነት ነው፤ ቢያንስ 88 ኪሎፓስካል ልዩነት ለ6 ሰዓት ይቆያል። የባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ ፈተናው አየር የለም ከሚባል ቦታ ጋር የሚቀራረብ ነው። ጠብታ መውጣት የለበትም። ከዚህ በተጨማሪ ቀፎው ቢሰነጠቅ እንኳ በ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከውስጡ የሚፈስ ነጻ ፈሳሽ ሊኖር አይገባም።

ይህን እናንተ በዓይን አይታችሁ ማረጋገጥ አትችሉም፤ ከአምራቹ ወረቀት ነው የሚገኘው። የባትሪውን ስምና የሞዴል ቁጥር ከላዩ ቅዱና የዚያኑ ሞዴል የደህንነት መረጃ ሰነድ (ኤምኤስዲኤስ የምንለውን) ከሻጩ ወይም ከአምራቹ ድረ ገጽ አግኙ። ክፍል 14 ስለ ትራንስፖርት ነው። እዚያ ዩኤን 2800 እና ኤ67 ተጠቅሰው፣ ባትሪው ፈተናውን ማለፉ ከተጻፈ ያንን ገጽ አትማችሁ ከጭነቱ ጋር አያይዙ። የሌላ ብራንድ ወረቀት፣ ቮልቱና አምፔሩ ቢመሳሰል እንኳ፣ አይሠራም። ዩፒኤሱ ከዓመታት በፊት ተገዝቶ ባትሪው በየጊዜው የተቀየረ ከሆነ 8ቱንም አንድ በአንድ አንብቡ፤ ሁለት ዓይነት ሞዴል ተደባልቆ መገኘቱ የተለመደ ነው።

የጄነሬተሩን ባትሪ እርሱት። «ሲልድ» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ለመኪናና ለጄነሬተር ማስነሻ የሚሸጠው አብዛኛው ሲልድ ባትሪ ክዳኑ ስለማይከፈትና ውሃ ስለማይጨመርበት ብቻ ነው እንዲህ የተባለው። ውስጡ አሲዱ ነጻ ፈሳሽ ነው፤ ቢጋደም በመተንፈሻው ይወጣል፣ ቢሰነጠቅ ይፈሳል። መለያው ቀላል ነው፦ ከላዩ ላይ አረንጓዴና ጥቁር የምታሳይ ትንሽ ክብ ዓይን ካለች፣ ያቺ የአሲድ ክብደት መለኪያ ናት፤ የምትሠራው ደግሞ በፈሳሽ ውስጥ ብቻ ነው። ዓይኗ አለመኖሯ ግን አይፈስም ለማለት አያበቃም፤ ቀፎው ላይ ኤጂኤም ወይም ጄል የሚል መጻፉንና ወረቀቱን ማየት ያስፈልጋል። ፈሳሽ ያለው ባትሪ ዩኤን 2794 ነው። በአየር ለመላክ አሲድ የማያሳልፍ ሽፋን ያለው ማሸጊያ፣ የምድብ 8 ምልክት፣ የአቀማመጥ ቀስትና በሠለጠነ ሰው የተፈረመ የአደገኛ ዕቃ መግለጫ ይጠይቃል። ለአንድ የማስነሻ ባትሪ ይህን ሁሉ ከመድከም ጅግጅጋ መግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ ዩፒኤሱ። እያንዳንዱን ባትሪ በቴስተር ለኩት። ሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባትሪ ከ12.8 እስከ 13 ቮልት ያሳያል። 12.4 አካባቢ ከሆነ ቻርጅ ይፈልጋል። ከ10.5 በታች ከወረደ አንድ ሴሉ ሞቶ ሊሆን ይችላልና አትላኩት። ጎኑ ያበጠ፣ ቀፎው የተሰነጠቀ፣ ፖሉ (ገመድ የሚያያዝበት ጫፍ) ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ያወጣ ባትሪ «የማይፈስ» የሚለውን ስም አጥቷል፤ ወረቀቱ ቢኖርም በዚህ መንገድ አይሄድም። አንድ ነገር አደራ፦ ከሊቲየም ባትሪ ደንብ ሰምታችሁ ቻርጁን ወደ 30 በመቶ አታውርዱት። ያ ገደብ በአየር ለሚላክ ሊቲየም አዮን የወጣ ነው። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ሲቀመጥ ሳህኑ ላይ ሰልፌት ይጠነክርበትና ተመልሶ አይሞላም። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ላኩት።

ማሽኑን አጥፉት፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ ከዚያ የባትሪውን ማገናኛ ንቀሉ። በቁልፉ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ብዙ ዩፒኤሶች መብራት በሌለበትም ቁልፋቸው ሲነካ በባትሪ ይነሳሉ። ካርቶን ውስጥ ሌላ ዕቃ ቁልፉን ቢጫነው ማሽኑ ተነስቶ ይሞቃል፣ ይጮኻል። ደንቡ መሣሪያው በድንገት እንዳይነሳ መደረግ አለበት የሚለው ለዚህ ነው፤ መጋዘን ውስጥ የሚጮኽ ካርቶን ደግሞ ምን ዓይነት ድንጋጤ እንደሚፈጥር መገመት አያዳግትም።

8 ባትሪ በተከታታይ ሲያያዝ ከ100 ቮልት በላይ ዲሲ ነው፣ ይገድላል። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ መፍቻውን ከአፉ በቀር በናስትሮ ጠቅልሉት። መጀመሪያ የምትነቅሉት በ4ኛውና በ5ኛው ባትሪ መካከል ያለውን ማያያዣ ይሁን፤ ያኔ ሰንሰለቱ ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ወገን ወደ 50 ቮልት ይወርዳል። ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ባትሪዎቹን ከ1 እስከ 8 ቁጥር ስጧቸው።

ባትሪውን ውስጡ ትቶ መላክም ይፈቀዳል፤ በቦታው ተጣብቆ ከታሰረና ፖሎቹ ከተሸፈኑ። እኔ ግን ለዚህ መንገድ አውጥታችሁ ለብቻው እንድታሽጉት ነው የምመክረው። አንዱ ባትሪ 2.6 ኪሎ ገደማ ነውና 8ቱ 21 ኪሎ ይሆናሉ። ያ ክብደት ቆርቆሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሲወረወር ብሎኑን ነቅሎ ቦርዱን ይመታል። ዩፒኤሱ ባዶውን በአንድ ካርቶን፣ ባትሪዎቹ አራት አራት ሆነው በሁለት ካርቶን ይሂዱ።

እያንዳንዱን ፖል ለየብቻው የፕላስቲክ ቆብ አልብሱት፤ ቆብ ከሌለ ናስትሮ ሁለት ሦስት ዙር። ይህን እንደ ቀላል አትዩት። አንድ ባለ 9 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሾርት ሲሆን ለቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፤ አንድ የወደቀ ብሎን ወይም የካርቶን ስታፕል ፍም ሆኖ ካርቶኑን ለማቃጠል ይበቃል። ስለዚህ ባትሪ ያለበት ካርቶን ውስጥ መፍቻ፣ ብሎን፣ ገመድ አታስገቡ፤ ካርቶኑንም በስታፕል ሳይሆን በፕላስተር ዝጉት። ባለ ሁለት ድርብ ወፍራም ካርቶን ምረጡ፣ ሥሩን በፕላስተር ደግማችሁ አጠንክሩ። ባትሪዎቹ ፖላቸው ወደ ላይ ሆኖ ይቁሙ፣ በየመካከላቸው ካርቶን ይግባ፣ ካርቶኑ ሲነቀነቅ ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። በፌስታል ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ጥንቃቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ባትሪው በቫልቩ ጥቂት ሃይድሮጅን ሊያወጣ ስለሚችል አየር የሚያስወጣ ቦታ ይኑረው። ሃይድሮጅን ከአየር ጋር 4 በመቶ ከደረሰ ብልጭታ ያፈነዳዋል።

ባትሪውም ካርቶኑም ላይ በእንግሊዝኛ «ኖንስፒለብል ባትሪ» (NONSPILLABLE BATTERY፣ የማይፈስ ባትሪ) ተብሎ ይጻፍ፤ ባትሪው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው ታትሟል። በአየር ጭነት ደረሰኙ ላይ ደግሞ «ኖት ሪስትሪክትድ» (NOT RESTRICTED፣ ገደብ የሌለበት) የሚሉት ቃላትና ኤ67 የሚለው ቁጥር መስፈር አለባቸው፤ ይህ የደንቡ ግዴታ ነው። በኤ67 ነጻ የሆነ ካርቶን ላይ የምድብ 8 ምልክት አይለጠፍም። ያገለገለ ካርቶን ከተጠቀማችሁ የድሮውን የሊቲየም ወይም የአደጋ ምልክት ሁሉ ላጡ። አየር መንገዱ ከደንቡ የጠበቀ የራሱ ገደብ ሊኖረው ስለሚችል ክፍል 14ን ይዛችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የባልደረባችሁ ጉዳይ በሒሳብ የሚፈታ ነው። መንገደኛ ይዞት የሚሳፈረው የማይፈስ ባትሪ ከ12 ቮልትና ከ100 ዋት ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ መጠባበቂያ ደግሞ ቢበዛ 2 ነው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙት። 12 በ7 ሲባዛ 84 ነው፣ ያልፋል። 12 በ9 ሲባዛ 108 ነው፣ አያልፍም። ስለዚህ ከዩፒኤሱ ባትሪዎች አንዱን እንኳ በሻንጣ መያዝ አይችልም። በሞኒተሮች ውስጥ የሚገኘው ባለ 2.3 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 27.6 ዋት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ችግር የለበትም። ግን የሞኒተሩን የባትሪ ክዳን ከፍታችሁ ጽሑፉን እዩ፤ ብዙዎቹ ሞኒተሮች ሊቲየም አዮን ናቸው። ከሆነ መጠባበቂያዎቹ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚሄዱት፣ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባው ሻንጣ ፈጽሞ አይሆንም።

በአይሱዙ መላክ ይቻላል፣ ወረቀቱም ይቀላል፤ አስቸጋሪው ሙቀቱና መንገጫገጩ ነው። ከሞጆ ወደ አዳማ፣ ከዚያ በአዋሽ አድርጎ ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ ቆላውን ያቋርጣል፤ ሸራ ሥር ላይኛው ድርብ ላይ የተጫነ ባትሪ ቀኑን ሙሉ ይጋገራል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አስቡ። ካርቶኖቹ ከታች፣ ከወለሉ በጣውላ ከፍ ብለው፣ ከመኪናው ፊተኛ ግድግዳ ጋር ተደግፈው ይታሰሩ። ከላያቸው ሲሚንቶም ብረትም አይጫን። ሾፌሩ ምን እንደያዘ ይንገሩት፣ አንድ ኪሎ ቤኪንግ ሶዳና የጎማ ጓንትም ይስጡት። አሲድ ከታየ ሶዳው መፍላቱን እስኪያቆም ይነሰነስበታል፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ዓይን ውስጥ ከገባ ያለ ሶዳ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ እያጠቡ ወደ ሐኪም።

ጅግጅጋ የሚቀበለው ሰው ከማገናኘቱ በፊት 8ቱንም ይለካ። ከሌሎቹ ከ0.2 ቮልት በላይ የራቀ ካለ ለብቻው ቻርጅ ይደረግ። በቁጥራቸውና በፎቶው መሠረት አያይዞ የመሃሉን ማያያዣ በመጨረሻ ያስገባ። ሁለቱን ጫፎች ሲለካ ከ102 እስከ 104 ቮልት ማግኘት አለበት፤ 80 አካባቢ ካነበበ አንዱ ባትሪ ተገልብጦ ተያይዟልና ዋናውን ማገናኛ አይሰካ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሲሰካው የምትታየው ትንሽ ብልጭታ የማሽኑ ካፓሲተሮች ሲሞሉ ነው። ከዚያ ሕክምና መሣሪያ ሳያያዝበት ቢያንስ 8 ሰዓት ቻርጅ ላይ ይቆይ።