ጓደኛ ሳታጣ መጠጥ መቀነስ

«ከሥራ በኋላ ስታዲየም አካባቢ ከልጆቹ ጋር እንቀመጣለን። ሁለት ቢራ ብዬ ገብቼ ሰክሬ ነው የምወጣው። ልቀንስ ወይስ ላቁም? ካቆምኩስ ከልጆቹ ጋር ምን ላደርግ ነው?» ላልከው ወንድሜ፣ እኔም የምውለው እዚያው ሰፈር ነው። ከእኛ ልጆች መሀል ያቆመም፣ የቀነሰም፣ እንደ ድሮው የቀጠለም አለ። ያየሁትን ልንገርህ።

ሁለት ብሎ የገባውን ሰው አምስት የሚያደርሰው ጥማት አይደለም፤ ግብዣ ነው። አምስት ሆናችሁ ስትቀመጡ አንዱ «ድገመን» ይላል። የጋበዘህን ሳትጋብዝ መነሳት ደግሞ ነውር ነው። ሁሉም ተራውን እስኪጨርስ አምስት ጠርሙስ ገባ ማለት ነው። የቀነሱት ልጆች መጀመሪያ የነኩት ይህንን ነው። አንዱ ገና ሲገባ አስተናጋጇን «የኔን ሂሳብ ለብቻ ያዢልኝ» ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን «ቋጣሪ» ተባለ። አሁን ሌሎቹም እንደሱ ያደርጋሉ፤ ወር መጨረሻ ላይማ ሁሉም።

እራትህንም በልተህ ና። በባዶ ሆድ አልኮል ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል። ጉበት ደግሞ አይቸኩልም፤ አንዷን ጠርሙስ ለማጣራት አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በየሃያ ደቂቃው ከደገምክ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ስካሩን አያበርድልህም።

ጫት የምትቅም ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ብዙም አይረዳህም። ምርቃና ሊሰብር የተቀመጠ ሰው ጠርሙስ አይቆጥርም። ነቅቶ ስለሚቆይ ስካሩም አይታወቀውም፤ እንቅልፍ እስኪመጣለት ይጠጣል። የማውቃቸው ልጆች ጨብሲን፣ ማለትም ከጫት በኋላ መጠጣትን፣ የተዉት ጫቱን ቀድመው በመተው ነው። አንዱ ቅዳሜ ከሰዓት በመቃም ፈንታ ኳስ ጀመረ። ማታ ደክሞት ይተኛል፤ በቃ።

ለአንዳንዱ ደግሞ ከመቀነስ ማቆም ይቀለዋል። «ሁለት ብቻ» የሚል ሰው በየጠርሙሱ ከራሱ ጋር ይከራከራል። ጨርሶ የተወው አንዴ ወስኖ ያርፋል። ብዙዎቹ በሰበብ ነው የሚጀምሩት፦ ጾም ነው፣ መኪና ይዣለሁ፣ ፍላጂል እየወሰድኩ ነው። ፍላጂል የሚወስድን ሰው ማንም ጠጣ አይለውም! ግን ሰበብ ያልቃል። ሁዳዴን ሙሉ ሳይቀምስ ቆይቶ የፋሲካ ዕለት በአንድ ሌሊት የሚያካክስ ስንት አለ። ስለዚህ ሰበቡ ሳያልቅ «ትቻለሁ» ማለትን ልመድ።

አንዱን ነገር ግን በቀልድ አትለፈው። ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጥና ስትጠጣ የሚተውህ ከሆነ፣ ብቻህን ድንገት አታቁም። እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥልህ ይችላል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሱስ ሕክምናም ይሰጣል፤ እዚያ መሄድ አብደሃል ማለት አይደለም።

ልጆቹን በተመለከተ፣ ሶፊ ማልት ወይም አምቦ ውሃህን ይዘህ አብረሃቸው ተቀመጥ። መጀመሪያ ይቀልዱብሃል፤ ቆይተው ሌላ የሚቀለድበት ያገኛሉ። የሚከብደው ቀልዱ አይደለም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አንዱን ወሬ አራቴ መስማት ነው። እኔ ያኔ ሂሳቤን ከፍዬ እወጣለሁ።