የአንፀባራቂ ሰደርያ ጥያቄ፦ ጨርቁ ለቀን፣ ሪፍሌክተሩ ለጨለማ

ሰላም እህቴ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቦይ የሚቆፍሩ 12 ሠራተኞች እንዳሏችሁ፣ ሥራው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እንደሚጀምርና የገዛችሁላቸው አንፀባራቂ ሰደርያ ሦስት ወር ሳይሞላው እንደደበዘዘ ጽፈሻል። የትኛውን ልግዛ፣ እንዴትስ ይታጠብ ነው ጥያቄሽ።

ከሁሉ በፊት ጨርቁንና ሪፍሌክተሩን፣ ማለትም ላዩ ላይ የተሰፋውን ብርማ ጥብጣብ፣ ለያይተሽ እያቸው፤ ሥራቸው አንድ አይደለም። ደማቁ ጨርቅ ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ወደሚታይ ቀለም ስለሚለውጥ በደመናና በድንግዝግዝ ጎልቶ ይታያል። ሲጨልም ግን ከተራ ቢጫ ጨርቅ ብዙም አይሻልም። በጨለማ የሚሠራው ብርማው ሪፍሌክተር ነው፤ የመኪናውን መብራት ወደመጣበት፣ ወደ ሾፌሩ ይመልሰዋል። የእናንተ ሰዎች ሥራ የሚጀምሩት ገና ሳይነጋ ስለሆነ ሕይወታቸው በሪፍሌክተሩ ላይ ነው። ጨርቁ ደማቅ ሆኖ ሪፍሌክተሩ የሞተ ሰደርያ ከሁሉ ይከፋል፤ ቀን ሲያዩት ደህና ስለሚመስል ማንም አይጥለውም።

ስትገዢ በውስጥ በኩል የተሰፋውን መለያ እዪ። አይ ኤስ ኦ 20471 የሚል ቁጥር (የአንፀባራቂ የሥራ ልብስ ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው)፣ ከሰደርያው ሥዕል ጎን ደግሞ 1፣ 2 ወይም 3 የሚል ደረጃ ሊኖረው ይገባል። መለያ አስመስሎ መስፋት ቀላል ስለሆነ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘሽ ሂጂ። ደረጃ 2 ቢያንስ 0.50 ካሬ ሜትር ደማቅ ጨርቅና 0.13 ካሬ ሜትር ሪፍሌክተር ይጠይቃል፤ ሪፍሌክተሩ 5 ሳንቲሜትር ስፋት ካለው ርዝመቱ ተደምሮ 2 ሜትር ከ60 መሙላት አለበት። ደረጃ 3 ደግሞ 0.80 እና 0.20 ነው፤ ይኸውም 4 ሜትር ሪፍሌክተር ማለት ነው፤ እጅጌ ወይም ሙሉ ሱሪ ከሌለው አይሞላም። ሲኖትራክ በሚከንፍበት መንገድ ዳር ባንዲራ ይዞ ለሚቆመው ሰው ደረጃ 3 ጃኬት ግዢ፤ በዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጠብም። ቦዩ ውስጥ ለሚሠሩት ደረጃ 2 ይበቃል። ደረጃ 1 ለመንገድ ሥራ አይሆንም።

ቀለሙን ከሚቆሙበት ቦታ ጋር አገናዝቢ። ኤክስካቫተሩም ሎደሩም ቢጫ ከሆነ ቢጫ የለበሰ ሰው ከማሽኑ ጋር ይመሳሰላል፤ መስከረም ላይ ሜዳው ሲለመልምና አደይ ሲፈነዳም እንዲሁ። ለእናንተ ብርቱካናማው ይሻላል።

የክረምቱ ነገር ብቻውን ይታሰብበት። ተራው ብርማ ሪፍሌክተር ላዩ ላይ በጣም ደቃቅ የመስታወት ፍሬዎች አሉት፤ ውሃ ሲሸፍናቸው ብርሃን የመመለስ አቅማቸው ክፉኛ ይወርዳል። እንደ ማር እንጀራ ጥለት ያለው፣ በፕላስቲክ የተሸፈነው ዓይነት ዝናብን በተሻለ ይቋቋማል፤ ግን ደረቅ ስለሆነ አጣጥፈው ሲያስቀምጡት ይሰነጠቃል፣ መሰቀል አለበት። ሌላው ጥፋት የዝናብ ልብስ ወይም ጋቢ ከላይ መደረብ ነው። ሰደርያው ሁልጊዜ ከሁሉ በላይ ይሁን፤ ለዚህ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ውሰጂ። ዚፑም ይዘጋ፤ ክፍት ሰደርያ ከጎን ሲታይ ዙሪያውን አይሞላም።

የሦስት ወሩ መደብዘዝ ከአጠባብ መጥቶ ሊሆን ይችላል። በረኪና ደማቁን ቀለም ይበላል፣ ከመስታወት ፍሬዎቹ ጀርባ ያለውን የአሉሚኒየም ሽፋንም ያጠቁረዋል። በብሩሽ ማሸት ፍሬዎቹን ይነቅላል። ግራሶ በናፍጣ ወይም በቤንዚን ማስለቀቅ ማጣበቂያውን ይፈታዋል፤ ልብሱንም እሳት የሚጠራ ያደርገዋል። ይልቅ ግራሶው ላይ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀብታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ ከሌላ ልብስ ለይታችሁ፣ መለያው ሌላ ካላለ ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ለብ ያለ ውሃ፣ በደንብ በሟሟ ለስላሳ ሳሙና 20 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ጨርቁን በእጅ ቀስ ብላችሁ እሹት፣ ሪፍሌክተሩን በስፖንጅ ብቻ ጥረጉት። ሳሙናው እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። ጠምዝዛችሁ አትጭመቁት፤ ገልብጣችሁ ጥላ ውስጥ አስጡት፣ የአዲስ አበባ ዙሪያ የደጋ ፀሐይ ቀለሙን ቶሎ ያነጣዋል። ካውያ ሪፍሌክተሩን አይንካው። መለያው ላይ የሚፈቀደው የእጥበት ብዛት፣ ለምሳሌ 25፣ ከተጻፈ በእያንዳንዱ እጥበት ውስጡ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ጭረት ጨምሩ። በየማለዳው አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ እጥበቱን ያሳንሰዋል።

ለአንድ ሰው ሁለት፣ በጠቅላላው 24 ያስፈልግሻል፤ ለመጠባበቂያ 2፣ ለማነጻጸሪያ 1 ጨምሪ። የማነጻጸሪያው ሳይለበስና ሳይታጠብ ጨለማ ቦታ ተሰቅሎ ይቀመጥ። በየወሩ ማታ አሮጌውንና እሱን ጎን ለጎን ስቀይ፣ 15 እርምጃ ራቂ፣ የስልክሽን መብራት ከዓይንሽ አጠገብ አድርገሽ አብሪ። አሮጌው ግራጫ ወይም ነጠብጣብ ሆኖ ከታየ ጊዜው አልፏል። የጨርቁን መደብዘዝ ለማየት ደግሞ የኪሱን ክዳን ገልጠሽ ፀሐይ ካላየው ቀለም ጋር አስተያዪው። የተወገደውን ለመወልወያ ከመስጠትሽ በፊት ሪፍሌክተሩን በመቀስ ቆርጠሽ አውጪ፤ አለበለዚያ ተመልሶ አንዱ ሰው ጀርባ ላይ ይገኛል።