የጀማን ሸለቆ በአሮጌ ካርታ ለምታጠኑ ልጆች

ልጆቼ፣ ከእናንተ አንዱ «የጀማን ሸለቆ ታሪክ ከአሮጌ ካርታ ማውጣት ይቻላል ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወደ ዓባይ የሚወርደውን የጀማን ወንዝ ሸለቆ ማለቱ ነው። ይቻላል። የሚቆጨኝ ጥያቄው መዘግየቱ ነው፤ ካርታው መደርደሪያ ላይ ይቆያል፣ መንገዱን በእግራቸው የሚያውቁት ግን እያለፉ ነው።

በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት በታተመው የ1፡50,000 ካርታ ጀምሩ። ሁለት ሴንቲ ሜትሩ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ከሚያገናኘው ከአንዱ የከፍታ መስመር እስከ ሌላው የከፍታው ልዩነት 20 ሜትር። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የኅትመቱ ዓመት አያታልላችሁ፤ ሸለቆውን ያየው ካርታው የተሣለበት የአየር ፎቶ ነው፣ እሱም ከኅትመቱ በዓመታት ሊቀድም ይችላል።

የከፍታ መስመሮቹ ጥቅጥቅ ያሉበት ገደል ነው። መሐል ላይ ድንገት ሲራራቁ ግን ቆም በሉ። ጀማ ላይ ባዛልት ከሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥር የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ስላለ ገደሉ ደረጃ ደረጃ ይሠራል፤ እርሻውንና ቤተ ክርስቲያኑን እዚያ ደረጃ ላይ ፈልጉ። የእግር መንገዱ ገደሉን ሰብሮ የሚወርድበት በር ነው፣ ወንዙን የሚሻገርበት መልካ። በሩን ከመልካው ስታገናኙ የጭነት ከብት መንገዱ ይወጣል። የመኪና መንገድ በሌላ በኩል ካለፈ በሩ ይረሳል፤ ገበያውም ተከትሎ ይሄዳል። ካርታው ላይ ተበታትነው የነበሩ ቤቶች ዛሬ በሳተላይት ምስል ተሰልፈው ከታዩ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ስለተካሄደው የመንደር ምሥረታ ጠይቁ።

የዛሬ ልጆች ስልክ ያሳየውን ነጥብ እንደ ወንጌል ትቀበላላችሁ። ካርታው የተሠራው አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ መነሻ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ። የካርታውን የቦታ ቁጥር እንዳለ ስልኩ ላይ ካስገባችሁ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ትስታላችሁ፤ ገደል አፋፍ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ካርታውን ሳታጥፉ ስካን አድርጉና ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ ካርታው በተሠራበት የፍርግርግ ሥርዓት፣ በአዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን አስቀምጡት። ለማያያዣ ነጥብ አራቱን ማዕዘኖችና መሐል ላይ ሁለት ሦስት የፍርግርግ መስመሮች መገናኛ ያዙ። ፕሮግራሙ የሚያሳያችሁ ስሕተት ከ25 ሜትር ካለፈ አንዱን ነጥብ ስታችኋል፣ ወይ ወረቀቱ ተጨማድዷል።

ካርታው ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም «ጠ»ን ከ«ተ» ላይለይ ይችላል። ስለዚህ ለአዛውንቱ ስሙን አንብባችሁ አትስጧቸው፤ ለይሉኝታ ብለው «አዎ» ይሏችኋል። «ይህ በር ምን ይባላል?» በሉና ዝም በሉ። ሁለት ሰው ለየብቻ ጠይቁ። መልሱን ከካርታው ላይ በዘረጋችሁት ላስቲክ ላይ በእኛው ፊደል ጻፉ፤ ዋናውን ካርታ እስክሪብቶ አይንካው። መውረድ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ በክረምት መልካውን አትሞክሩት።