ዩኒቨርሲቲ ስለ መድኃኒት እጥረት ምን አገባው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ስቶር ውስጥ ነው የምሰራው። በየሁለት ወሩ አርአርኤፍ (የክምችት ሪፖርትና የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ) ሞልተን እንልካለን፣ የእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቢን ካርዱም በስርዓት ይሞላል፣ ግን አንዱ መድኃኒት ያልቅብናል ሌላው መደርደሪያ ላይ ኤክስፓየር ያደርጋል። ሰሞኑን ስብሰባ ላይ መንግስት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የሎጂስቲክስ ጥናት ማዕከል ጋ ሊሰራ ነው ተባልን፣ እኔ ደሞ በሆዴ ሌላ መጠይቅ መጣብን ነው ያልኩት። የሆነ አገር ተሰርቶ ለውጥ ያመጣበት ቦታ አለ ወይስ ወሬ ነው?
ፋርማሲስቷ፣ ከጎጃም

መልስ፦ እህቴ፣ መጠይቅ ቢሰለችሽ አይፈረድብሽም ግን አለ። ዛምቢያን ልንገርሽ። እዛ መድኃኒቱ ሉሳካ ካለው ማዕከላዊ መጋዘን ወጥቶ ወረዳ ስቶር ድረስ ይሄድ ነበር፣ ከወረዳ ወደ ክሊኒክ ሲባል ነው ውሃ ይበላው የነበረው። እኤአ በ2009 ጤና ሚኒስቴሩ ከዓለም ባንክና ከሌሎች ጋር ሆኖ ወረዳዎችን በዕጣ ከፋፍሎ ሁለት አሰራር ጎን ለጎን ሞከረ፣ ጥናቱ ላይ ያኔ ስፔን ሳራጎሳ ያለው የሎጂስቲክስ ማዕከል ፕሮፌሰር የነበረው ፕራሻንት ያዳቭ ነበረበት። በሁለቱም ወረዳው ላይ የመድኃኒት ትዕዛዝ ብቻ የሚከታተል አንድ ባለሙያ ተቀጠረ። ልዩነቱ፣ በአንደኛው ወረዳው እንደ ድሮው ክምችት ይይዛል፣ በሁለተኛው ግን ክሊኒኩ ያዘዘው ሉሳካ ላይ በክሊኒኩ ስም ታሽጎ ይመጣና ወረዳ ስቶር ማለፊያ ብቻ ይሆናል፣ ማንም ካርቶኑን ከፍቶ አያከፋፍልም። ሁለተኛው በግልጽ በለጠ፣ ስቶክ አውት፣ ማለትም መድኃኒት ማለቅ፣ ቀነሰ። ያው አንድ ሰው መጨመርና አስተሻሸጉን መቀየር ነው እንግዲህ፣ ተአምር የለውም።

የሳራጎሳው ማዕከል ራሱ የመንግስትና የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው፣ የስፔኑ አራጎን ክልል መንግስት እኤአ በ2003 ኤምአይቲ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲና ከሳራጎሳ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያቋቋመው። አራጎን እንደኛው ባሕር የለውም፣ ማዕከሉን ያስቀመጡት ደሞ ፕላዛ የሚባለው ትልቁ የሎጂስቲክስ መንደር ውስጥ ነው፣ የዛራ ልብስ መጋዘንም እዛው ነው ያለው። ተመራማሪው ከሚያጠናው ስራ አጠገብ ሆኖ ይሰራል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የዛምቢያውን ግልብጥ አድርጎ ማምጣት ግን አያዋጣም። እኛ ጋ ከመድኃኒት አቅራቢው መስሪያ ቤት ቅርንጫፍ በቀጥታ የሚደርሳቸውም በወረዳ የሚያልፍላቸውም ጤና ጣቢያዎች አሉ፣ ደሞ ከላይ መድኃኒቱ ከሌለ የትኛውም አስተሻሸግ አያድንሽም።

ስለዚህ ስብሰባው ላይ እጅሽን አውጪና ሁለት ነገር ጠይቂ። ቢን ካርዳችንን ታያላችሁ ወይስ አስተያየታችንን ብቻ ነው የምትሰበስቡት? አዲስ ሰው ከተቀጠረስ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደሞዙን ማን ይከፍላል? ባዶ እጅሽንም አትሂጂ፣ ያዘዝሽውን፣ የመጣልሽንና ኤክስፓየር ያደረገውን ያለፈውን ዓመት አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፈሽ ያዢ፣ ለተመራማሪ ከዛ የሚበልጥ ዳታ የለም።