መመሪያው እያለ ለምን ይደውላሉ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራበት ድርጅት ቧንቧ ላይ የሚገጠም የውሃ ማጣሪያ ይሸጣል። የአጠቃቀም መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከመሐንዲሶቻችን ጋር ቁጭ ብዬ፣ ምንም ሳላስቀር፣ 24 ገጽ። ደንበኞች ግን ቀኑን ሙሉ ይደውላሉ። አብዛኞቹ «ጥቁር ውሃ ወጣ፣ ዕቃው ተበላሽቷል?» ነው የሚሉት። እሱ እኮ ገጽ 17 ላይ አለ! ሰው አያነብም ብዬ ልተወው ወይስ ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደንበኞችሽ ያነባሉ። ግን እንደ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር አይደለም። ካርቶኑን ከፍተው መግጠም ይጀምራሉ፤ መመሪያውን የሚያነሱት ግራ ሲገባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኮምፒዩተር ኩባንያው በአይቢኤም የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ጆን ካሮል ያየው ይህንኑ ነው፤ ኮምፒዩተር የሚማሩ ሰዎች ወፍራሙን መመሪያ ወደ ጎን ትተው ወደ ሥራው ይገቡ ነበር። እሱም ሰዎቹን ከመውቀስ ይልቅ መመሪያውን አሳጥሮ በሥራው ዙሪያ አዘጋጀው። ሰዎቹም ፈጥነው ተማሩ።

ስለዚህ ጥቁሩን ውሃ ከገጽ 17 አውጪው። አዲስ የከሰል ማጣሪያ ላይ ያለው ብናኝ መጀመሪያ እንደሚታጠብ አንቺ ታውቂያለሽ። ንጹሕ ውሃ ልጠጣ ብሎ የገዛ ሰው ግን ጥቁር ሲያይ መደንገጡ አይቀርም። ነገሩ መጻፍ ያለበት እዚያው የሚደነግጥበት ቦታ ላይ ነው፦ «ቧንቧውን ይክፈቱ። መጀመሪያ ጥቁር ውሃ ይወጣል፤ የከሰል ብናኝ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ውሃው እስኪጠራ ይድፉት።» አለቀ።

ከመሐንዲሶቹ ጋር መጻፍሽ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ አደጋ አለው። ኤልዛቤት ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1990 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደረገችውን ሙከራ ልንገርሽ። አንዱ ሰው የታወቀ ዘፈን ምት በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታል፣ ሌላው ዘፈኑን ይገምታል። መቺዎቹ ግማሹ ይታወቃል ብለው ነበር። ከ120 ዘፈኖች የታወቁት 3 ብቻ ናቸው! መቺው ዜማውን በውስጡ ይሰማዋል፣ አድማጩ የሚሰማው ኳኳታ ነው። አንቺም «ክዳኑን ያጥብቁ» ስትዪ በየት በኩል፣ ምን ያህል እንደሚጠብቅ እጅሽ ያውቀዋል። የደንበኛሽ እጅ አያውቀውም።

አሁን እኔ በጣም ወደምጨነቅበት ነገር ልምጣ፣ ወደ ቋንቋው። አማርኛ ማሰሪያ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ መመሪያ ጸሐፊ ደግሞ ይህን ከረሳ ተጠቃሚውን ያሳስታል። «ውስጠኛውን ማጣሪያ በሳሙና፣ በሙቅ ውሃ ወይም በብሩሽ አይጠቡ» የሚለውን እይው። እርጥብ እጁን ይዞ በችኮላ የሚያይ ሰው ሳሙና፣ ሙቅ ውሃ፣ ብሩሽ የሚሉትን ይይዛል። በ«ይጠቡ» እና በ«አይጠቡ» መካከል ያለው አንድ ፊደል ብቻ ነው። «በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይጠቡ። ሳሙና አይጠቀሙ።» ብትዪ ይሻላል።

«በፊት» የምትለዋም ቃል እንዲሁ ናት። «ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት የውሃውን መስመር ይዝጉ» ሲባል ሰውየው ቀድሞ ያነበበው ክዳን መክፈትን ነው፣ እጁም ወደዚያው ይሄዳል፣ ውሃውም ፊቱ ላይ ይረጫል። ሥራው በሚሠራበት ቅደም ተከተል ጻፊው፦ መጀመሪያ መስመሩን ይዝጉ፤ ከዚያ ክዳኑን ይክፈቱ። ደግሞም «የጎማውን ቀለበት አስገብተው፣ ማጣሪያውን አስቀምጠው፣ ክዳኑን አጥብቀው ቧንቧውን ይክፈቱ» ዓይነት ነገር ካለሽ በታተኚው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይምሰል እንጂ አራት ሥራ ነው። ከአራቱ የጎማው ቀለበት ከተረሳ ዕቃው ያፈስሳል፣ ስልክሽም ይጮኻል። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ቁጥር ስጪው።

«ክዳኑ ይዘጋል» አትበዪ፤ ራሱ ይዘጋል ወይስ እኔ ልዝጋው? ደግሞ ሙሉው ዕቃ «ማጣሪያ»፣ ውስጡ ያለውም «ማጣሪያ» ከተባለ «ማጣሪያውን ያውጡ» የሚለው ትእዛዝ የቱን እንደሆነ ማን ያውቃል? ለእያንዳንዱ አንድ ስም ስጪና እስከ መጨረሻው እሱኑ ያዢ። ድርሰት ላይ ቃል መደጋገም ያሰለች ይሆናል፣ መመሪያ ላይ ግን ያድናል።

ማስጠንቀቂያዎችሽንም መመሪያው መጀመሪያ ላይ አትከምሪያቸው። አንሲ ዜድ535 የተባለው የአሜሪካ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ደረጃ «አደጋ»፣ «ማስጠንቀቂያ» እና «ጥንቃቄ» የሚሉትን እንደ ጉዳቱ ክብደት ይለያቸዋል። ሁሉም ነገር «አደጋ!» ከተባለ እውነተኛው አደጋ ይጠፋል። እያንዳንዱን ከሚመለከተው እርምጃ በላይ አድርጊው፣ ምን ሊደርስ እንደሚችልና እንዴት እንደሚወገድም ንገሪያቸው።

ከዚያ ሞክሪው። ዕቃውን አይቶ የማያውቅ ሰው ፈልጊ፣ ካርቶኑንና መመሪያውን ስጪው፣ አንቺ ዝም በዪ። ዝምታው ይከብዳል፣ ልታግዢው ትፈልጊያለሽ፣ ግን ከእያንዳንዱ ካርቶን ጋር አንቺ አብረሽ አትሄጂም። የቆመበትን፣ ገጽ ያገላበጠበትን፣ «እ?» ያለበትን ጻፊ። የአጠቃቀም ምቹነት ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን 5 ሰው ላይ ቢሞከር 85 በመቶ ያህሉ ችግር ይታያል የሚል ስሌት አለው፤ ለመጀመር 5 ሰው ይበቃሻል። የሚደወሉልሽንም ጥያቄዎች መዝግቢያቸው። የሚቀጥለው እትም ማውጫ እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጽሑፉን ትተን በሥዕል ብቻ ብንሠራውስ? የቤት ዕቃ ሻጩ ኢኬያ እንደሚያደርገው።

መልስ፦ ለመገጣጠም ግሩም ነው። ቅርጽንና አቅጣጫን ከቃል ይልቅ ሥዕል ያሳያል። ከፎቶ ይልቅም በመስመር የተሣለ ይሻላል፣ የማያስፈልገውን ጥላና ጀርባ መተው ትችላላችሁ። ግን «ውሃው እስኪጠራ»፣ «ምክንያቱም»፣ «ካልሆነ» የሚሉትን ሥዕል ብቻውን አይችላቸውም፤ እዚያ አጭር ጽሑፍ ጨምሩ። ሲሣል ደግሞ ሠዓሊው ተጠቃሚው በሚቆምበት ቦታ ቆሞ ይሣለው። ከጀርባ የተሣለ ዕቃ ላይ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ ሰውየውም ክዳኑን አጠብቃለሁ ብሎ ይፈታዋል።